ሾልኮ የወጣው ስም

ሀይለመለኮት ወደ ቢምረው ስልክ መጠገኛ ሱቅ ሲገባ፣ ቢምረው ከፊቱ ላይ ብቻ አንድ ነገር እንዳለ አወቀ። ሀይለመለኮት በዞን መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ድቁና የተቀበለ፣ ሰላምታውን በደንብ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ የማይገባ ሰው ነበር። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ግን እንዴት አደርህ እንኳ ሳይል በሩን ገርበብ አደረገና፣ የተፈታታ ስልክና የብየዳ ብረት በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ የራሱን ስልክ አስቀመጠ።

«ወንድሜ ቢምረው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለ። «እንዳታሳፍረኝ።»

ቢምረው መፍራት የነበረበት ምክንያት ነበረው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ የዚህን ሰው እህት ይወዳል። ያገናኛቸውም ይኸው ሰው ነው። ሀይለመለኮት ቤቱ ዋይፋይ ሲያስገባ እንዲዘረጋለት የጠራው ቢምረውን ነበር፤ ያን ዕለትም አንድ ነገር አደራ አለው። ታናሽ እህቱ አርሴማ መድኃኒት ቤት ሥራ አግኝታ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጣ፣ አባታቸው መሪጌታ ዘማርያም የፈቀዱት እስክትዳር ድረስ በወንድሟ ቤት፣ በወንድሟ ዓይን ሥር እንድትሆን ብለው ነው። ታጭታለች። እጮኛዋ ዲያቆን ይስማው ቅስና የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ካህን የሚሆን ሰው ደግሞ የሚያገባት ልጅ ስሟ ያልተነካ መሆን አለበት። ሠርጉ ፋሲካ እንዳለፈ ነው። ስለዚህ ሀይለመለኮት ከቤቱ ዋይፋይ ምን ምን እንደሚከፈት ማወቅ ፈለገ። ቢምረውም ራውተሩን እንደተጠየቀው አስተካከለለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ያለ ማንኛውም ስልክ አንድ ድረ ገጽ ሊከፍት ሲል አድራሻውን ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ስምም በሀይለመለኮት ስልክ ላይ ብቅ ይላል።

ያን ቀን ለቢምረው ውኃ ያመጣችለት አርሴማ ነበረች። ብርጭቆውን እያቀበለችው፣ «ይሄ ሁሉ ሽቦ ለእኔ ነው አይደል?» አለችው፤ በቀስታ፣ ሳቋን እየዋጠች። እሱ ሲወጣ መሣሪያውን ረስቶ ተመለሰ፤ ተመልሶም ያን ፊት ድጋሚ አየና ረስቶ የሄደው መሣሪያውን ብቻ እንዳልነበረ ገባው።

ከዚያ በኋላ ራሱን ሳያመው የራስ ምታት ክኒን መግዛት ጀመረ። ክኒኑ ሲበዛ መልእክት ሆነ። መልእክቱ ሲረዝም አርሴማ ማታ ቤት ገብታ ለመጻፍ ፈራች፤ ወንድሟ ያያል። ያን ጊዜ ነው ቢምረው ስልኳ ላይ ነጻ ቪፒኤን የጫነላት። በሰው ቤት ኢንተርኔት እየተጠቀሙ የሚሄዱበትን የሚሰውር ፕሮግራም ነው ብሎ አስረዳት። ስልኩ አናት ላይ የምትታየውን ትንሽ የቁልፍ ምልክት በጣቱ እያሳየ፣ ይህቺ እስካለች ድረስ ማንም አያይሽም አላት። በራሱ ስልክ፣ በራሱ ሱቅ መስመር ሞክሮት ነበር። በእሷ ቤት መስመር ግን አልሞከረውም። ወንድሟ በሌለበት ጎረምሳ ወደዚያ ቤት አይገባም፤ ወንድሟ ባለበት ደግሞ የእህትየውን ስልክ እስቲ ስጪኝ ማለት አይታሰብም።

በሁለቱ መካከል የነበረው ዋይፋይና እጮኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። የቢምረው አባት ይጁቤ ላይ ሸማኔ ናቸው። የእሳቸውን ጋቢ ያልለበሰ ቤተሰብ በዚያ አካባቢ የለም፤ ሴት ልጁን ለወንድ ልጃቸው የሚሰጥ ቤተሰብ ግን ቢምረው እስካሁን አልሰማም።

ሀይለመለኮት ስልኩን ገፋ አደረገለት። «እስቲ እየው» አለ።

ቢምረው አየ። የመልእክት መላላኪያው ስም በየመስመሩ አለ። እሱ በሁሉም ሰው ስልክ ያለ ነገር ስለሆነ ሀይለመለኮት እስከ ዛሬ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከሥሩ ግን አንድ ሌላ ስም ደጋግሞ ተጠርቷል፤ «የእናትነት ተስፋ»። ስለ ጽንስና ስለ እርግዝና የሚጽፍ ድረ ገጽ ነው።

ሀይለመለኮት ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ነገሩን ጨረሰ። የባለቤቱ የፋንታነሽ ስልክ በቁልፍ የሚሠራ ተራ ስልክ ነው፤ ድረ ገጽ አይከፍትም። የእሱ የራሱ ስልክ ይኸው ነው። የቀረው አንድ ስልክ ነው።

«ይህ ዕቃ ይሳሳታል ወይ?» ሲል ጠየቀ።

ቢምረው ያን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳስታወሰው አያውቅም። ሰውዬው መልስ ፈልጎ አልነበረም የመጣው። ልመና ነበር። ጨዋ ሰው የእህቱን ስም በእጁ ይዞ መጥቶ፣ እባክህ ይሳሳታል በለኝ እያለው ነበር።

በዚያች ቅጽበት ግን ቢምረው የሰውዬውን ፊት አላየም። መጀመሪያ የመጣለት፣ ይስማው ነው? ወይስ ሌላ ሰው አለ? የሚል ሐሳብ ነው። እሱ የአርሴማን እጅ ከመድኃኒት ፖስታ ጋር ከመንካት ያለፈ ነገር አያውቅም። ቅናቱ እንደ ትኩስ ውኃ ደረቱ ላይ ሲፈስ ተሰማው። ከሥሩም ቀዝቃዛ የሆነ ሌላ ሐሳብ መጣ። ይህ ነገር እውነት ሆኖ ከተያዘ ሠርጉ ይፈርሳል።

«ስም አይሳሳትም፣ ጋሼ» አለ። «ከቤትህ ያልተጠራ ስም እዚህ አይመጣም።»

ሀይለመለኮት ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ያን ጊዜ ብቻ ሰላምታው ትዝ አለውና ደህና ዋል ብሎ ወጣ።

ቢምረው የብየዳ ብረቱን አነሳ፤ የሚበይደውን ግን አላገኘውም። የተናገረው እውነት ነበር። እውነት መሆኑን ለራሱ ደጋገመው። ያልተናገረውንም ያውቀዋል። ይህ ዕቃ የተንኳኳውን በር ስም እንጂ፣ ማን እንዳንኳኳው፣ ገብቶም ምን እንዳነበበ አያውቅም። ነጻ ፕሮግራሞች ደግሞ በማስታወቂያ የተሞሉ ናቸው፤ ማስታወቂያው ባለስልኩ ሳይጠይቅ የስንቱን ስም ይጠራል። ይህን ለሰውዬው ለመንገር አፍታ አይፈጅም ነበር። ዝም አለ። ዝም ብሎም ራሱን እውነተኛ ሰው አድርጎ ለማሰብ ሲሞክር ዋለ፤ አልሆነለትም።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ ሲደርስ አርሴማ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ዓይኖቿ ያበጡ ናቸው። አንዲት እናት የልጇን የሳል ሽሮፕ እስክትቀበል ድረስ ቢምረው የመደርደሪያውን ሳጥኖች ሲያነብ ቆየ። ሴትየዋ ስትወጣ አርሴማ እንደማያውቁት ደንበኛ፣ ምን ልስጥህ አለችው።

«ራስ ምታት» አለ።

ክኒኑን እየቆጠረች ወደ ፖስታው ስትከት ነገረችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለና የተስተካከለ ነበር፤ ልክ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል እንደምትለው ዓይነት። ወንድሟ ትናንት ጠየቃት፤ ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት፤ ከዕቃው በቀር ሌላ ነገር አላነሣችም። ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ደብረ ኤልያስ ስልክ ተደወለ። ቅዳሜ አባቷ ይመጣሉ።

«ዕቃው ተሳስቶ ይሆናል አልሁት» አለች። «ባለሙያ ጠይቄያለሁ፣ አይሳሳትም ብሎኛል አለኝ። የትኛው ባለሙያ አልሁት።» ፖስታውን አጠፈችው። «ስምህን ነገረኝ።»

ቢምረው ባንኮኒው መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ፤ ምን እንደሚል ግን አላነበበውም።

«ማንም አያይሽም ብለኸኝ ነበር።»

«ሞክሬው ነበር፣ አርሴማ። በራሴ ስልክ…»

«በእኔ ቤት አልሞከርኸውም።»

እሱ መጸጸቱን መናገር ነበረበት። ይቅርታ ብሎ መጀመር ነበረበት። ማክሰኞ ዕለት የተናገረውንና ያልተናገረውን ሁሉ እዚያው ባንኮኒው ላይ ማፍሰስ ነበረበት። ከአፉ የወጣው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበው ያደረው ጥያቄ ነው።

«የማን ነው?» አላት።

አርሴማ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢያይ ይሻለው ነበር፤ ያየው ግን አንድ መብራት ቀስ ብሎ ሲጠፋ ነው።

«አንተም?» አለች።

ነገሩ የእሷ እንዳልሆነ፣ የማን እንደሆነም ለእሱም ሆነ ለወንድሟ፣ ለአባቷም ቢሆን እንደማትናገር ነገረችው። አደራ የሰው ነው። ስልኳን ከካፖርቷ ኪስ አወጣችና በመስታወቱ ላይ ገፋችለት። ስሙ ለምን እንደታየ እንዲያይላት እንጂ እንዲያጽናናት እንዳልሆነ ከእጇ አገፋፍ ያስታውቃል።

ቢምረው የስም ጥያቄ በማን በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ የመሞከሪያ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ቪፒኤኑን አጥፍቶ ሞከረ፤ የሀገር ውስጡ መስመር ስም መጣ። ከዚያ አብርቶ ሞከረ። የቁልፏ ምልክት ወጣች፤ የመጣውም የሩቅ ሀገር ስም ብቻ ነው። ደግሞ ሞከረው። ንጹሕ ነው።

«እዚህ አይሾልክም» አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር።

«እዚህማ ማን ያየኛል» አለችው።

የከፈለበትን ክኒን ባንኮኒው ላይ ረስቶ ወጣ። ይህን ጊዜ ግን አልተመለሰም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን በውስጥ ዘግቶ፣ ከሀይለመለኮት ቤት ጋር አንድ ዓይነት ራውተር ከመደርደሪያ አወረደ። ያን ጊዜ እንዳደረገው አድርጎ አስተካከለው፤ በራሱ ስልክ ላይም ያንኑ ነጻ ፕሮግራም ጭኖ ሞከረ። በመሞከሪያው ገጽ ላይ የሩቁ ሀገር ስም መጣ። ከሥሩ ግን ሌላ ስም ተከተለ፤ በራውተሩ ላይ በገዛ እጁ ያስገባው፣ የተጠራውን ስም ሁሉ የሚመዘግበው የጠባቂ አገልግሎት ስም።

በመጀመሪያ ጥፋቱን በመብራት መቆራረጥ አሳበበ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሲነሣ ቪፒኤኑ ይቋረጥ ይሆናል ብሎ አሰበ። ራውተሩን ነቅሎ ሰካው፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ሞከረ። ለውጥ የለም። መብራት ሄደም አልሄደም፣ ቁልፏ በርታ እያለች ስሙ ይወጣል። ያን ጊዜ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየው። ነጻው ፕሮግራም መልእክቱን ራሱን ሸፍኖ ይወስደዋል። ይህ ስም አድራሻው የት ነው የሚለውን ጥያቄ ግን አይሸፍነውም፤ ቅርብ ያለው ራውተር ስም እንዲጠብቅ ከተስተካከለ ጥያቄው ወደ እሱ ይሄዳል። መጋረጃው በተጋረደ ባጃጅ ተሳፍሮ መሄድ ማለት ነው፤ ከመሳፈሩ በፊት ግን መንገዱን የጠየቀው የገዛ ግቢውን ዘበኛ ነው። በሱቁም በመድኃኒት ቤቱም መስመር ላይ እንዲህ ያለ ዘበኛ ስላልነበረ መሹለኩ አልታየውም። በአርሴማ ቤት ግን ዘበኛ ነበረ። ያን ዘበኛ ያቆመው እሱ ነው፤ በመጋረጃው ተማምና እንድትወጣ የመከራትም እሱ ነው።

መፍትሔውን ጻፈላት። ነጻውን ፕሮግራም እንድታጠፋው፣ ስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታ የስም ጥያቄው ለብቻው ተሸፍኖ ወደ ሌላ መላሽ እንዲሄድ እንድታደርግ፣ ወደፊት ሌላ ቪፒኤን ከጫነች ደግሞ ያለ እሱ ምንም እንዳያልፍ የሚከለክለውን ምርጫ እንድታበራ፣ ከሁሉ በላይ ቤቷ ውስጥ ሆና እንድትሞክረው። ረጅም መልእክት ነበር፤ ምንም የተረሳ ነገር የለበትም። ይቅርታ የሚለውን ቃል መጨረሻው ላይ ጨመረበት፤ አነበበው፤ ከማስተካከያው ሁሉ በኋላ ሲመጣ እንደ ፊርማ መሰለው። እንደዚያው ላከው።

መልሷ የመጣው ከሥራ ስትወጣ ነው።

«ይህ ለሚመጣው ጊዜ ነው። ላለፈውስ?»

ቢምረው ስልኩን በደረቱ አስደግፎ ቁጭ አለ። ላለፈው የሚሆን ማስተካከያ አያውቅም።

ቅዳሜ ሀይለመለኮት ራሱ ደወለለት። አባቴ መጥተዋል፤ ስለ ዕቃው ከባለሙያው አፍ መስማት ይፈልጋሉ፤ ብትመጣልን አለው። ብትመጣልን ማለቱ ቢምረውን አሸማቀቀው። ሰው እንዴት የገዛ ቤቱን ያፈረሰበትን ሰው እንዲህ በአክብሮት ይጠራል? ግን ሀይለመለኮት አያውቅም።

መሪጌታ ዘማርያም ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል፣ መቋሚያቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። የጮቄ ነፋስ መስኮቱን ያንኳኳል። ቢምረው ገብቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ልጄ ብለው ወንበር አሳዩት። አርሴማ ከጓዳው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ እጆቿን ታያለች። የሀይለመለኮት ባለቤት ፋንታነሽ ቆሎ አስቀመጠች፤ ከዚያ በማሰሮ ውኃ ይዛ ትዞር ጀመር።

ሀይለመለኮት ነገሩን ለእንግዳው እንደ አዲስ አስረዳ። «የእናትነት ተስፋ» የሚለውን ስም ከአፉ ሲያወጣ ማሰሮው ተንገዳገደና ውኃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አርሴማ ከበርጩማዋ ብድግ ብላ ማሰሮውን ከፋንታነሽ እጅ ወሰደች፤ በትከሻዋም ከለለቻት። ከዚያ ቀና ብላ ቢምረውን አየችው። ረቡዕ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያላየው ዓይነት አተያይ ነበር። ስለ ራሷ ምንም አልለመነችውም። አትናገር ብላ ነው የለመነችው።

ቢምረው ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። ሀይለመለኮትና ፋንታነሽ ከተጋቡ ቆይተዋል፤ ልጅ ግን የለም። ሀኪም ቤት አብረን እንሂድ ስትለው ፈጣሪ ሲፈቅድ ይሆናል ብሎ ነገሩን እንደሚዘጋ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በቁልፍ ስልክ ድረ ገጽ አይከፈትም። የባሏን እህት ስልክ ተውሳ፣ ከባሏ ተደብቃ፣ ጓዳ ቁጭ ብላ ተስፋ ስትፈልግ የነበረችው ፋንታነሽ ናት። አርሴማም ስሟ ሲቃጠል ዝም ብላ የተቀመጠችው የእሷን ገመና ይዛ ነው። እሱ ደግሞ፣ የማን ነው ብሎ ጠየቃት።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው የለሰለሰ ነው፤ ዓይናቸው ግን ጉባኤ ቤት ተማሪ እንደሚፈትኑበት ነበር። «እኛ ዘንድ ምስክር ሲቀርብ ያየውንና ያላየውን ለይቶ ይጠየቃል። ይህ ዕቃ ምን አየ?»

«ስም ብቻ ነው፣ የኔታ።»

«የተጻፈውን አንብቧል?»

«አላነበበም።»

«ስልኩን የያዘውን እጅ አይቷል?»

«አላየም።»

«እንግዲያ ስሙ ባለቤቱ ሳይፈልገው ሊጠራ ይችላል?»

ቢምረው ሀይለመለኮትን አየ። ማክሰኞ የቀረበለት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ያኔ በልመና፣ አሁን በፍርድ። መልሱ አልተለወጠም።

«ይችላል» አለ። «ከፈቀዱልኝ ላሳይዎ።»

የአርሴማን ስልክ በፊታቸው ተቀበለ። እንድታጠፋው የነገራትን ፕሮግራም አላጠፋችውም ነበር። በቤቱ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ከፈተው። ወዲያው የቅባት ማስታወቂያ ወጣ፤ ቀጥሎ የውርርድ፤ ቀጥሎ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጨዋታ። ሀይለመለኮት የራሱን ስልክ እንዲያይ ጠየቀው። በስልኩ ላይ ማንም ያልጠራቸው ስሞች እየተከታተሉ ይዘንባሉ። ሀይለመለኮት እያነበበ ሄደ፤ ጥቂት ካነበበ በኋላ አፍሮ ተወው።

የተናገረው ቃል ሁሉ እውነት ነበር። ግን ያን አንዱን ስም የጠራው ማስታወቂያ እንዳልሆነ ከመሪጌታና ከሀይለመለኮት በቀር በዚያ ክፍል ያለ ሁሉ ያውቃል። ማክሰኞ እውነትን ይዞ አርሴማን ጣላት፤ ዛሬ እውነትን ይዞ እኒህን ሽማግሌ እያሳሳተ ነው። ፋንታነሽ ጓዳው በር ላይ ቆማ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማት።

ሀይለመለኮት ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ማክሰኞ ስጠይቅህ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ይህን ፕሮግራምስ ማን ጫነላት?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ጓደኞቿ አንዷ ትሆናለች ማለት ይቻል ነበር፤ ዕቃውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና ማንም አይሞግተውም። አርሴማ ቀና አለች። ቢምረው ከወንበሩ ተነሣ፤ ተቀምጦ የሚነገር አልመሰለውም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከአርሴማ ጋር እንዋደዳለን፣ ጋሼ። እንዳታያት ብዬ ጫንሁላት፤ ሳልፈትሸው። ማክሰኞ ስትመጣ ሊሳሳት እንደሚችል እያወቅሁ ዝም ያልሁት ሠርጉ እንዲፈርስ ስለ ፈለግሁ ነው።»

ቢምረው የሚጠብቀው ስድብ ነው፤ ስለ አባቱ ሸማኔነት፣ ስለ ወጣበት ቤት። ሀይለመለኮት ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እኔ እኮ ይሳሳታል እንድትለኝ ነበር የመጣሁት» አለው። «ሳታረጋግጥ ብትለኝ እንኳ አምኜህ እሄድ ነበር።»

ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቢምረው ስድቡ ቢመጣለት ብሎ ተመኘ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አቁመው በሁለት እጃቸው ያዙት። ልጃቸውን፣ የሚለው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቋት። አርሴማ ነጠላዋን ከፊቷ ገለል አድርጋ፣ «ስለ መዋደዱ እውነት ነው፣ አባባ» አለች። ስለ ቀረው ምንም አልጨመረችም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሲገልጧቸው ያረጁ መሰሉ። ልቧ ሌላ ዘንድ ያለች ልጅ ቅስና ለሚጠብቅ ሰው አልሰጥም፤ ይህ በእሱም ላይ በእሷም ላይ ግፍ ነው አሉ። ለይስማው ቤተሰብ ራሳቸው ሄደው ይነግራሉ፤ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገው፣ በልጅቷ ስም አንድ ቃል ሳይነሣ። ልጃቸውን ሀይለመለኮትንም፣ እህትህን ይቅርታ ጠይቃት አሉት፤ እሱም እዚያው ተነሥቶ ጠየቃት፤ ድምፁ ተሰበረ። ወደ ቢምረው ሲዞሩ ማንነቱንም አባቱንም አልጠየቁም።

«አንተ ልጄ፣ ዛሬ ሂድ» ብቻ አሉት።

በረንዳው ላይ ፋንታነሽ ደረሰችበት። ጎንበስ ብላ፣ «ገመናዬን ሸፈንህልኝ፤ እግዜር ገመናህን ይሸፍንልህ» አለችው በሹክሹክታ፤ ተመልሳም ገባች። ከሀይለመለኮት ቃል ይልቅ ይህ ምርቃት ከበደው። ገመናዋን ያወጣባት ማን ሆነና።

እንግዳን እስከ ግቢው በር መሸኘት የቤቱ ልማድ ነው፤ የመጣችው አርሴማ ነበረች። ማንም አልከለከላትም። መቀርቀሪያውን ከፈተች።

«ሠርጉ ፈረሰ» አለችው። «ደስ አለህ?»

ቢምረው ለመመለስ ሞከረ። ሳምንቱን ሙሉ፣ ወራቱን ሙሉ የተመኘው ይህንን ነበር። ከደረቱ ውስጥ ደስታውን ፈለገው፤ ያገኘው የወንድሟን ፊት ነው።

«ስለ ቪፒኤኑ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ዕቃ ነው፤ ይበላሻል። ዝም ስላልኸውም፣ ዛሬ በአባቴ ፊት ተናግረኸዋል፤ ቀላል እንዳልነበረ አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ማክሰኞ ያን ስም ስታይ፣ አርሴማ ይህን አታደርግም ብለህ አንዴ እንኳ አስበሃል?»

መዋሸት ይችል ነበር። ከዚህ በፊት ግማሽ እውነት ብዙ ቦታ አድርሶታል።

«አላሰብሁም» አለ።

እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ ወንድሟ ማክሰኞ ዕለት ሱቁ ውስጥ እንደነቀነቀው። እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው። አልጠረገችውም።

«ወንድሜ እንኳ ይሳሳታል በለኝ ብሎ ለምኖሃል። እሱ የሚጠብቀኝ ሰው ነው። አንተ የምትወደኝ ነበርህ።»

እጁን ሊዘረጋላት አሰበ፤ አልደፈረም። መልእክት እንዳይልክላት ነገረችው። የሚለው ነገር ካለው በቀን፣ በዚህ በር፣ ሽማግሌ ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። አባቷ ይጁቤ ድረስ ስለ አባቱ እንደሚያስጠይቁ፣ ከዚያም ምን እንደሚሉ እንደማታውቅ ነገረችው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«ስትመጣ እንጃ» አለች። «ዛሬ ብትጠይቀኝ እምቢ እላለሁ።»

በሩን ዘጋችው፤ ቀስ ብላ፣ ሰው ላይ እንደማይዘጉት አድርጋ። ቢምረው ከውጭ ቆሞ የእርምጃዋን ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠ። ተስፋ ሰጥታው ሄዳለች፤ ትንሽ ቢሆንም ተስፋ ነው። እሱ ግን ሊቀበለው እጁን መዘርጋት አቃተው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ያመነችው ልጅ ስትከሰስ ለምን አላመንኋትም የሚለውን ለራሱ መመለስ እንዳለበት ገብቶታል። በዚያ የቅዳሜ ነፋስ ውስጥ ወደ ከተማው ቁልቁል ሲወርድ፣ የተመኘውን ሁሉ አግኝቶ፣ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም።